ወንድሜ ጎማ ልላክልሽ ይላል፣ ባለቤቴ ብስክሌቱን ተዪው ይላል

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በሙያዬ የእንስሳት ጤና ረዳት ስሆን የምሠራው ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዘንዘልማን ካለፉ በኋላ ባሉት የገጠር መንደሮች ነው። ጠዋት ከቤቴ ተነሥቼ አዲሱን የዓባይ ድልድይ እሻገርና አስፋልቱን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የአፈር መንገድና የእግር መንገድ ነው። የክትባት መድኃኒት የምይዝበትን ማቀዝቀዣ ሣጥን ከኋላ መጫኛው ላይ አስራለሁ። ክረምት ከበጋ የምሄደው በብስክሌት ነው፤ ከብቶቹ የሚታመሙት ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው አይደለምና።

ባለፈው ሐምሌ ከአንድ ቀይ አፈር ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዬ ተንሸራተተና ወደቅሁ። የእጄ አንጓ አብጦ ለሳምንታት አሠቃየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ «ብስክሌቱን ተዪው፤ በክረምት በባጃጅ ሂጂ» ይለኛል። ባጃጁ ግን አስፋልቱ ዳር ጥሎኝ ነው የሚመለሰው። ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ብስክሌት አዘውትሮ ስለሚነዳ፣ መውደቄን ሲሰማ እርሱ በጭቃ ጫካ ውስጥ የሚነዳበትን ዓይነት ጎማ ሊልክልኝ ቆርጦ ተነሥቷል። «29 በ2.4 ነው፣ ጥርሱ ትልልቅ ነው፣ የውስጥ ጎማም አያስፈልገውም» አለኝ። ጎሚስታዬን ስጠይቀው ደግሞ «አስፋልት ስለሚበዛብሽ ለስላሳውን አድርጊ፤ ጥርስ ያለው ያደክምሻል» አለኝ።

አሁን ያለኝ ጎማ ጎኑ ላይ 26 × 1.95 እና 50-559 የሚል ተጽፎበታል፤ ጥርሱ ከመሃል አልቋል። ፍሬኑ ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚቆነጥጥ ዓይነት ነው። ዕቃውን የሚያመጣልኝ ሰው የሚመጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። ወንድሜን ቅር ማሰኘት አልፈልግም፤ ባለቤቴንም ማስጨነቅ አልፈልግም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከወደቅሁ ወዲህ ያ ቁልቁለት ጋ ስደርስ ልቤ ይመታል። ለጭቃውም ለበጋውም የሚሆነኝ ጎማ የትኛው ነው? ወይስ ባለቤቴ እንዳለው ልተወው?

እህትዎ፣ ከባሕር ዳር

ውድ እህቴ፣

እንኳን እጅሽ ተሽሎሽ ወደ ሥራሽ ተመለስሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር ይሉሻል፤ ሦስቱም ደኅንነትሽን ፈልገው ነው። ሆኖም ከሦስቱ አንዳቸውም አንቺ በየቀኑ የምታልፊበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር አልሄዱበትም። ወንድምሽ የሚያውቀው የራሱን ጫካ ነው፤ ጎሚስታው የሚያየው የከተማውን አስፋልት ነው፤ ባለቤትሽ ደግሞ በዓይኑ ያየው ያበጠውን እጅሽን ነው። መንገዱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ መልሱንም ከመንገዱ ተነሥተን እንፈልገዋለን።

ከዚያ በፊት ግን ምርጫ የሌለበትን ነገር ላስቀድም። ወንድምሽ ሊልክልሽ ያሰበው ጎማ ለብስክሌትሽ አይገባም። ከጎማሽ ጎን ገልብጠሽ ከላክሽልኝ ቁጥሮች ውስጥ 559 የሚለው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ወርድ፣ ማለትም ክቡ በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ፣ በሚሊ ሜትር ነው፤ 50 የሚለው ደግሞ የጎማው ስፋት ነው። 29 የሚባለው ጎማ የሚቀመጥበት ክብ ወርድ 622 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከስድስት ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ በጉልበትም በብልሃትም አይጣጣምም። ይህን ለወንድምሽ ስትነግሪው ስጦታውን የመለስሽበት አይመስለውም፤ እርሱ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ነውና ቁጥሩን እንዳየ ይገባዋል። የጎማሽን ጎን በስልክሽ አንሥተሽ «ጋሼ፣ የእኔ 559 ነው፤ ለእኔ መንገድ የሚሆነውን አብረን እንምረጥ» ብለሽ ብትልኪለት ከሩቅ ሆኖ የሚያስብልሽ ወንድም ይበልጥ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ቁጥሩን ሳትጠቅሺ «26 ነው» ብቻ አትበዪው፤ 26 እየተባሉ የሚቀመጡበት ክብ ወርድ 590 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጎማዎችም አሉ፣ እነርሱም ለአንቺ አይሆኑም። እርሱ ባለበት አገር አዳዲሶቹ የስፖርት ብስክሌቶች ከ26 ወደ ሌሎች መጠኖች ስላለፉ ምርጫው ጠበብ ብሎ ሊጠብቀው ይችላል፤ ስለዚህ ግንቦት እስኪደርስ ሳትጠብቂ አሁኑኑ ንገሪው።

አሁን ወደ መንገድሽ እንምጣ። በባሕር ዳር ዙሪያ በዓመት በአማካይ 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ይህ ማለት በዓመቱ ውስጥ አንቺ በጭቃ ላይ የምትነጂው ወደ አራት ወር ሲሆን የቀረውን ጊዜ በአስፋልት፣ በደረቅ አፈር፣ በጠጠርና በአቧራ ላይ ነው። በእነዚያ አራት ወራትም ቢሆን የምታገኚው ጭቃ አንድ ዓይነት አይደለም። አንቺ የወደቅሽበት ቀይ አፈር አለ፤ በረባዳው ሜዳ ላይ ደግሞ ዋልካው አለ። ለጎማ ምርጫ ትልቁ ነገር የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቀይ አፈር ውኃውን ቶሎ ወደ ታች ያሳልፋል። ዝናብ ሲመታው ላዩ ላይ ስስ የሆነ አንሸራታች ጭቃ ይፈጠራል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን ጠንካራ ነው። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ጥርሱ ስሱን ጭቃ ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛልና። ጥርሱ ከመሃል ያለቀ ጎማ ግን ጭቃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ቀድሞ የሚሄደው የፊተኛው ነው። በደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽው አወዳደቅ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ በዚያ ቀን የወደቅሽው መንዳት ስለማትችዪ ነው ብለሽ በራስሽ ፈርደሽ ከሆነ እባክሽ ፍርድሽን እንደገና እዪው።

ዋልካ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቁሩ አፈር ሸክላነቱ የበዛ ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ ከነካው ነገር ሁሉ ጋር ይጣበቃል። ጎማው ጥቂት እንደዞረ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ይሞላል፣ ከዚያ በፍሬኑና የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ በሚይዘው ሹካ ሥር ይጠቀጠቃል፣ በመጨረሻም ጎማው መዞሩን ያቆማል። በዚህ ጉዳይ በግልጽ ልንገርሽ፤ በእርጥብ ዋልካ ላይ የሚያስነዳ ጎማ የለም። ወንድምሽ በጣም ውዱን ቢልክልሽም ያው ነው። ዋልካው የሚጀምርበትን ቦታ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጎማው ከመያዙ በፊት ውረጂ፣ ሣር ያለበትን ዳር ዳሩን እየገፋሽ እለፊ፤ ሜዳው ረጅም ከሆነ ደግሞ ብስክሌቱን ከዳር ባለ የምታውቂው ሰው ግቢ አስቀምጠሽ ሣጥንሽን ይዘሽ በእግርሽ ሂጂ። በሥራሽ ምክንያት በየመንደሩ የምታውቂው ቤተሰብ እንደሚኖር እገምታለሁ፤ እንዲህ ያለ ውለታ የሚነፍግሽ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ወንድምሽ ያሰበው ሙሉ የጭቃ ጎማ ጥርሱ ረጅም፣ በጥርሶቹ መካከል ያለውም ክፍተት ሰፊ ነው። ክፍተቱ ጥቅም አለው፤ ጎማው ሲዞር የያዘውን ጭቃ አሽቀንጥሮ እንዲጥልና ለሚቀጥለው ዙር ባዶ ሆኖ እንዲደርስ ያደርገዋል። ይህ ጎማ ለቀይ አፈርሽ ግሩም ነው። ነገር ግን ያንኑ ጎማ ከፊትም ከኋላም አድርገሽ በየቀኑ አስፋልቱን ብትሄጂበት ረጃጅሞቹ ጥርሶች በየዙሩ ስለሚተጣጠፉ ጉልበትሽን ይበሉታል፣ ጥርሱም ጭቃውን ሳያይ አስፋልት ላይ ያልቃል። ኩርባ ላይ ዘንበል ስትዪ ደግሞ ጎማው ከሥርሽ የሚዋልል ይመስልሻል። እርጥብ አስፋልትና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የሚይዘው የላስቲኩ ልስላሴና መሬቱን የሚነካው የላስቲክ ስፋት ስለሆነ ረጅም ጥርስ እዚያ ላይ አይረዳም፤ እንዲያውም የሚነካውን ላስቲክ ያሳንሰዋል።

ስለዚህ ጎሚስታሽ «ያደክምሻል» ያለው ልክ ነው። ለስላሳውን አድርጊ ያለው ግን ለአንቺ አይሆንም፤ እርሱ የመከረሽ ለመንገድሽ ግማሽ ብቻ ነው። ጎማ ሲመረጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትነጂበት መሬት ይታያል፣ ከዚያ ደግሞ ልትሸሺው የማትችዪው ክፉ ቦታ ይታያል። ለአንቺ ብዙው አስፋልትና ደረቅ መሬት ነው፤ የማትሸሺው ክፉ ቦታ ቀይ አፈሩ ቁልቁለት ነው። ዋልካውን ከስሌቱ አውጥተነዋል።

እኔ የምመክርሽ የፊትና የኋላ ጎማሽ የተለያዩ እንዲሆኑ ነው። የኋላው ጎማ ቢንሸራተት ሰውነት ሚዛኑን ይመልሳል፤ የፊተኛው ከሄደ ግን ለመመለስ ጊዜ የለም፣ አንቺም የወደቅሽው በዚሁ ነው። በሌላ በኩል የሰውነትሽና የሣጥንሽ ክብደት የሚበዛው ከኋላ ነው፤ ፔዳል ስትረግጪ የሚገፋውም የኋላው ጎማ ስለሆነ ቶሎ የሚያልቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ከፊት ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለና ከፍ ያለ፣ ከኋላ ደግሞ መሃሉ ላይ ጥርሱ ጠጋ ጠጋ ብሎ ዝቅ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ግን ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ብታደርጊ አስፋልቱንም ቁልቁለቱንም ያስኬድሻል። ወንድምሽ ዓይነቱን በቀላሉ እንዲረዳው፣ ከፊት የጥርሱ ቁመት አራት ወይም አምስት ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን በቂ ነው በዪው። ስፋቱ ከ1.95 እስከ 2.1 ኢንች ባለው ውስጥ ይሁን። እርሱ የሚወደው 2.4 በአንቺ ፍሬን መካከል ላይገባ ይችላል፤ ቢገባም እንኳ ጭቃ ማለፊያ አይተርፈውም።

ስለ ላስቲኩም አንድ ቃል ልጨምር። ለስላሳ ላስቲክ እርጥብ ድንጋይና እርጥብ አስፋልት ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ዕድሜ አለው፣ እርጥብ ላይ ግን ያንሸራትታል። ምርጫ ካለ ለፊት ለስለስ ያለው፣ ለኋላ ጠንከር ያለው ይሻልሻል። የፊት ጎማ ቶሎ ስለማያልቅ ልስላሴው ብዙ አያስወጣሽም።

ወንድምሽ ሦስት ጎማ መላክ ከቻለ ደግሞ ይበልጥ የሚያምር አማራጭ አለ። ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግሉት መካከለኛ ጎማዎች ይሁኑ፣ ሦስተኛው እውነተኛው የጭቃ ጎማ ይሁን፤ ሰኔ ሲገባ ከፊት ታደርጊዋለሽ፣ መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠነክር አውልቀሽ ታስቀምጪዋለሽ። የፊት ጎማ ሰንሰለት ስለማይነካው ለመቀየር ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ጎሚስታሽ ዘንድ ቆመሽ ብታዪው በሚቀጥለው በራስሽ ትቀይሪዋለሽ። ሁለቱንም ጎማ በየወቅቱ መቀያየር ግን ለሠራተኛ ሰው አሰልቺ ነው፤ አልመክርሽም። ለሚያመጣልሽ ሰው ሻንጣ እንዲመች ጠርዙ የብረት ሽቦ ያልሆነውን፣ የሚታጠፈውን ዓይነት እንዲገዛ ንገሪው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ተጠቅልሎ በልብስ መካከል ይገባል፣ ክብደቱም ያንሳል።

የውስጥ ጎማ አያስፈልገውም ያለሽን ለጊዜው ተዪው። ያ አሠራር እውነተኛ ጥቅም ስላለው ወንድምሽ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ለዚያ የተሠራ ቸርኬ ይፈልጋል፣ ውስጡ የሚጨመረው ፈሳሽም በወራት ውስጥ ስለሚደርቅ እየተጨመረ መኖር አለበት። ፈሳሹ ባለቀ ቁጥር ከውጭ የሚመጣ ሰው ከምትጠብቂ፣ በየመንደሩ መንገድ ላይ በማስቲሽ የሚለጠፍ የውስጥ ጎማ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻልሻል።

ይህን ሁሉ እስከ ግንቦት ከመጠበቅሽ በፊት ዛሬ ያለ ምንም ወጪ ልታደርጊው የምትችዪው ነገር አለ፤ እርሱም አየሩን መለካት ነው። ጎማሽን የሚሞላልሽ ማን ነው? ሲሞላስ ለክቶ ነው ወይስ በእጁ ጨብጦ ጠንከር እስኪል ድረስ? ጎማው ጎን ላይ ትንሹና ትልቁ የአየር መጠን ተጽፎ ታገኛለሽ፤ ብዙ ሰው እስከ ትልቁ ያስሞላል። ድንጋይ የሆነ ጎማ አስፋልት ላይ ቀላል ይመስላል፣ ጭቃ ላይ ግን መሬቱን የሚነካው በጥቂቱ ስለሆነ ያንሸራትታል። አሁን ባለው ጎማሽ ላይ የተጻፈውን ትንሹን መጠን እዪ፤ ለክረምት የፊቱን ወደዚያ አስጠጊው፣ የኋላውን ግን ሣጥኑ ስላለበት ትንሽ ከፍ አድርጊው። አዲሱ ጎማ ሲመጣም ጎኑ የሚፈቅድ ከሆነ ከፊት በአየር ግፊት መለኪያው 30 ፒኤስአይ፣ ማለትም ሁለት ባር ገደማ፣ ከኋላ 36 ገደማ ብለሽ ጀምሪና በሚመችሽ በኩል አስተካክዪው። ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ደግሞ ድንጋይ ሲመታ የውስጥ ጎማው ከድንጋዩና ከቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል፤ እንዲህ ያለ ጥንድ ቀዳዳ ካየሽ አየር አንሷል ማለት ስለሆነ ጥቂት ጨምሪ። ወንድምሽ መለኪያ ያለው ትንሽ የእጅ መንፊያ ቢልክልሽ ከአንድ ጎማ የማያንስ ጥቅም ይሰጥሻል።

ሌላው የምትመረምሪው ነገር ክፍተቱ ነው። ጎማሽ በሹካው መካከል፣ በፍሬኑ ሥርና ከኋላ በሁለቱ ብረቶች መካከል ሲያልፍ በየጎኑ ትንሿ ጣትሽ ትገባለች? ካልገባች ሰፊ ጎማ አትመኚ። ብስክሌትሽ ከጎማው ጋር ተጠግቶ የተሠራ ፓራፋንጎ ካለው ደግሞ ጭቃው መጀመሪያ የሚጠቀጠቀው እዚያ ውስጥ ስለሆነ በክረምት አውልቂው ወይም ከፍ አድርገሽ አሳስሪው። ልብስሽን ጭቃ ይመታዋል፤ ያም ቢሆን መሃል መንገድ ላይ ከመቆም ይሻላል። ቸርኬ የሚቆነጥጠው ፍሬንሽም በጭቃ ውስጥ ላስቲኩ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ አሸዋውም ቸርኬውን ስለሚፍቀው፣ በክረምት ወራት በየሳምንቱ ላስቲኩን እዪው፤ ማታ ማታም ቸርኬውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ጎማ ብቻ ተቀይሮ ፍሬኑ ካልያዘ ቁልቁለቱ ያው ቁልቁለት ነው።

የበጋው ነገር አጭር ነው። ከጥቅምት በኋላ የሚያስቸግርሽ የግራር እሾህና ለአጥር ተቆርጦ መንገድ ላይ የሚወድቀው ቅርንጫፍ ነው። ለዚህ የጎማው ረጅም ጥርስ አይፈይድም፤ የሚፈይደው የጎማው አካል ውፍረት ነው። ስለዚህ ለኋላ የምትመርጪው ጎማ እጅግ ቀላሉ ባይሆን ጥሩ ነው፤ በጎማውና በውስጥ ጎማው መካከል የሚነጠፍ እሾህ የሚከለክል ጥቅል ላስቲክ ካገኘሽም ጨምሪበት።

አሁን ስለ ባለቤትሽ። ተዪው ሲልሽ የሚፈራው ብስክሌቱን ነው ወይስ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ወድቀሽ ማንም ሳያይሽ መቅረትሽን? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ሁለቱ ፍርሃቶች መልሳቸው የተለያየ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ጎማ አያረጋጋውም፤ አስፋልቱን ለቀሽ ስትገቢና ተመልሰሽ ስትወጪ ስልክ ብትደውዪለት፣ በየትኛው መንደር በኩል እንደምትሄጂም ጠዋት ብትነግሪው ይረጋጋል። ከጎማው ጋር ወንድምሽ ለራስሽ ሄልሜት፣ ለእጅሽም ጓንት እንዲልክልሽ ብትጠይቂው ባለቤትሽም በዓይኑ የሚያየው ነገር ያገኛል። በተጨማሪም አንድ ነገር ልትሰጪው ትችያለሽ፤ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረና መንገድሽ በዋልካው ሜዳ በሚያልፍበት ቀን ብስክሌቱን ቤት ትተሽ በባጃጅና በእግር እንደምትሄጂ ቃል ግቢለት። ይህን ቃል ለእርሱ ስትዪ የምትሸነፊበት አይደለም፤ ቀደም ብዬ እንደነገርሁሽ በዚያ ቀን ብስክሌቱ ለአንቺም ሸክም ነው። የቀሩትን ቀናት ግን ብስክሌቱ ሥራሽ መሆኑን፣ ባጃጅ የማይደርስበት ቤት የታመመች ላም እንደምትጠብቅሽ በእርጋታ አስረጂው። እኔ በበኩሌ ብስክሌቱን ተዪው አልልሽም።

ስለ ልብሽ መምታት ደግሞ አትፈሪ አልልሽም፤ ከወደቀ ሰው ፍርሃት ቢገኝ የሚገባ ነው። አዲሱ ጎማ እንደገባ ወዲያው ሣጥን ጭነሽ ወደዚያ ቁልቁለት አትሂጂ። በአንድ እሑድ ባለቤትሽን ይዘሽ፣ ሣጥኑን ቤት ትተሽ፣ ከቁልቁለቱ ለዘብ ያለ ቀይ አፈር ላይ ጎማው የት ድረስ እንደሚይዝና የት ላይ እንደሚለቅ ሞክሪ። ቁልቁለት ከመጀመርሽ በፊት ፍጥነትሽን ቀንሺ፤ ኩርባው ላይ የፊት ፍሬን አትያዢ፣ ቀጥ ባለው ላይ ቀስ አድርገሽ ያዢ። ሣጥኑን ወደ ኮርቻው አስጠግተሽ እሰሪው፤ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር የፊት ጎማሽን ያቀልለውና መያዣ ያሳጣዋል። ያም ሆኖ አንድ ቀን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ደርሰሽ ልብሽ እምቢ ካለሽ ወርደሽ ግፊው።

ጎማው ሲደርስልሽ ከማስገባትሽ በፊት ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት እንዳለው እዪ፤ ቀስቱ ጎማው ወደ ፊት ሲሄድ የሚዞርበትን አቅጣጫ ማሳየት አለበት፤ በችኮላ በተቃራኒው የሚገባበት ጊዜ አለ። ከተሞላ በኋላ ጎማውን በአየር ላይ አሽከርክሪና ጠርዙ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን፣ የፍሬኑ ላስቲክም ጎማውን ሳይነካ ቸርኬውን ብቻ መያዙን ተመልከቺ። አሮጌውን ጎማ አትጣይው፤ የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ከጎኑ ቆርጠሽ ከማስቲሹና ከመለጠፊያው ጋር በዕቃ ቦርሳሽ ያዢ፤ ድንጋይ ጎማሽን ከጎኑ ቢሰነጥቀው ቁራጯን ከውስጥ በኩል በስንጥቁ ላይ አድርገሽ ቤትሽ ትደርሺበታለሽ።